የቺትራዱርጋ አምባና የመምህሩ ምክር

በሕንድ አገር፣ በደቡቡ ክፍል፣ ከባንጋሎር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቺትራዱርጋ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ በታላላቅ የቋጥኝ ኰረብታዎች ሥር የተቀመጠች ናት፤ ቋጥኞቹም አንዱ በሌላው ላይ ተከምረው ለሚያያቸው የሰው እጅ የደረደራቸው ይመስላሉ። በኰረብታዎቹ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ጥንታዊ አምባ አለ፤ ቅጥሩ ሰባት ዙር ስለ ሆነ የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው «ሰባት ዙር ያለው ምሽግ» ይሉታል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው በዚህ አምባ ላይ ስለ ተሠራ ስለ አንድ የፍቅርና የኀዘን ፊልም ነው፤ ነገር ግን ፊልሙን ከአምባው ለይቶ መናገር ሥጋን ከአጥንት እንደ መለየት ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ አስቀድመን ከአምባው እንጀምር።

ናያካ የሚባሉት ያገሩ መሳፍንት ይህን ምሽግ በ16ኛው መቶ ዓመት ከቪጃያናጋር ነገሥታት እጅ በሹመት ተቀበሉት፤ በኋላም የነገሥታቱ ኃይል ሲደክም ራሳቸውን ችለው ገዙበት። የመጨረሻው መስፍን ማዳካሪ ናያካ ይባል ነበር። በዘመኑ የማይሶርን መንግሥት በእጁ ያደረገው ሃይደር አሊ ምሽጉን ደጋግሞ ከበበ፤ በመጨረሻም በ1779 ዓ.ም. ያዘው፤ ማዳካሪ ናያካንም ማርኮ ወሰደው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከነዚያ ከበባዎች በአንዱ ሆነ እየተባለ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የቈየ አንድ ታሪክ አለ። በምሽጉ ቋጥኞች መካከል አንድ ሰው ብቻ ጐንበስ ብሎ እየተሳበ ሊገባበት የሚችል ጠባብ ቀዳዳ ነበረ፤ ከባቢዎቹም ይህን ቀዳዳ አወቁት። በዚያ ግድም ዘብ የሚጠብቀው ሰው ምሳውን ሊበላ ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ ሚስቱ ኦባቫ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ ከቀዳዳውም የሰው ድምፅ ሰማች። ባሏን ከማዕዱ አላስነሣችውም። እህል የምትወቅጥበትን ዘነዘና አንሥታ ከቀዳዳው አጠገብ ቆመች፤ ራሱን ያወጣውን ወታደር ሁሉ እየመታች ትጥለው፣ የኋለኛው እንዳያውቅም ሬሳውን ወደ ጐን ትጐትተው ጀመር። ባሏ ምሳውን ጨርሶ ሲመለስ በደም የተነከረ ዘነዘና ይዛ ከሬሳ ክምር አጠገብ ቆማ አገኛት። እርሷም በዚያው ዕለት እንደ ሞተች ይተርካሉ። ቀዳዳው እስከ ዛሬ ድረስ በስሟ ይጠራል፤ በከተማዪቱ ያለው የስፖርት ሜዳም በስሟ ተሰይሟል፤ የካርናታካ መንግሥትም በ2021 ዓ.ም. መታሰቢያዋ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን እንዲከበር ወስኗል። ጦርና ጐራዴ የታጠቀ መስፍን ያልጠበቀውን ቀዳዳ በወጥ ቤት ዕቃ የጠበቀች ሴት ናትና፣ ሕዝቡ ከመስፍኑ ይልቅ እርሷን ቢወድ አያስደንቅም።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ «ናጋራሃቩ» የሚባል ፊልም በዚያ አገር ሲኒማ ቤቶች ታየ፤ በፊልሙም መካከል የኦባቫ ታሪክ በዘፈን ይተረካል፤ ጃያንቲ የተባለች ስመ ጥር ተዋናይት ዘነዘናውን ይዛ ትታያለች። የፊልሙ ቋንቋ ካንነዳ ይባላል። (ስሙ ሲሰማ በሰሜን አሜሪካ ያለውን አገር ቢያስታውስም አንዳች ዝምድና የላቸውም።) ካንነዳ ከአምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በድንጋይ ተቀርጾ የሚገኝ ጥንታዊ ቋንቋ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከ43 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አፍ የፈቱበት ነው፤ ፊደሉም እንደ እኛ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው ጋር እየተጣመረ መልኩን የሚለውጥ ነው። ተናጋሪዎቹ በ1956 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን በአንድ ክፍለ ሀገር ተሰበሰቡ፤ ይሁን እንጂ ክፍለ ሀገሩ ማይሶር እየተባለ ቈየና ካርናታካ የሚለውን ስም ያገኘው በ1973 ዓ.ም. በዚያው ቀን ነው። እንግዲህ ፊልሙ የታየው ይህ ሕዝብ የራሱን ስም ሊያገኝ አንድ ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ሲቀረው ነበር። በዚያ ወራት በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ካንነዳ ምድር ጀግና ሴት ሲዘፈን የሰማ ተመልካች ልቡ እንዴት እንደ ሞቀ መገመት ይቻላል።

ፊልሙን ያዘጋጀው ፑታና ካናጋል ነው። በ1933 ዓ.ም. በማይሶር አውራጃ ካናጋል በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በድኽነት አድጎ፣ አስተማሪም ሻጭም እየሆነ እንጀራውን ሲፈልግ ከቈየ በኋላ የፊልምን ሥራ ፓንቱሉ ከሚባል አዘጋጅ ሥር ሆኖ ተማረ። ከ1967 እስከ 1971 ዓ.ም. ካወጣቸው ፊልሞች መካከል «ቤሊ ሞዳ»፣ «ጌጄ ፑጄ» እና «ሻራፓንጃራ» የሚባሉት ስሙን አስጠሩት፤ ሦስቱም ሴቶች ከደረሷቸው ልብ ወለዶች የተወሰዱ፣ ሦስቱም ስለ ሴት ልጅ መከራ የሚናገሩ ነበሩ። ለአራተኛው ዝነኛ ሥራው ግን ወደ አንድ ወንድ ደራሲ፣ ወደ ሱባ ራኦ ዘወር አለ። ሱባ ራኦ የቺትራዱርጋ አውራጃ ሰው ነበር፤ ብርዕ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ ከአምባው ታሪክ ርቆ አያውቅም። ፑታናም የዚህን ደራሲ ሦስት መጻሕፍት፣ ማለት «ናጋራሃቩ»ን፣ «አንድ ወንድ ሁለት ሴቶች» የሚለውንና «የእባብ ቅንዓት» የሚለውን በአንድ ፊልም አዋሐዳቸው። ናጋራሃቩ ማለት ኮብራ የሚባለው መርዘኛ እባብ ነው። በአገሩ ልማድ እባብ ቂሙን አሥራ ሁለት ዓመት ይይዛል ይባላል፤ የፊልሙ ባለ ታሪክም ከዚህ እባብ ጋር የሚመሳሰል ቍጡ ወጣት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ራማቻሪ የሚባል የብራህማን ልጅ በቺትራዱርጋ ይኖራል። ቍጡ ነው፤ ጥቃት አይወድም፤ ኰሌጅ ገብቶ ሳለ ዋና አስተማሪው ስለ ቀጣው ቂም ይዞ፣ ሽማግሌውን ሰው በሌሊት ከምሰሶ ላይ አስሮ አዋረደው፤ ከትምህርት ቤቱም ተባረረ። ከተማው ሁሉ ባለጌ ይለዋል፤ ወላጅ አባቱም ተስፋ ቈርጦበታል። ከሰው ሁሉ መካከል ልቡን የሚያውቅለት ሕፃን ሳለ ያስተማረው ቻማያ ብቻ ነው። በካንነዳ አስተማሪን «መሽትሩ» ብለው ይጠሩታል፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ቃሉ የሚነገርበትን ድምፅ የሰማ የአገራችን ሰው «የኔታ» ከሚለው ቃል ሌላ የሚተካከለው አያገኝም። ቻማያና ሚስቱ ራማቻሪን እንደ ልጃቸው ያዩታል። እባቡም በዚህ ሰው ፊት ብቻ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

የራማቻሪ ጓደኛ ቫራዳ እኅቱን አልሜሉን ጃሊላ የሚባል ዱርዬ በመንገድ እያስቸገራት ስለ ሆነ አድነኝ ብሎ ለመነው። ራማቻሪም ከጃሊላ ጋር ተደባድቦ አባረረው፤ ከዚያ በኋላም ራማቻሪና አልሜሉ ተዋደዱ። ፑታና የፍቅራቸውን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝግታ በሚሄድ ሥዕል አሳየው፤ የሴቲቱ ቀሚስና ጠጕር በነፋስ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይታያል። በዚያ ዘመን ይህ እጅግ አዲስ ነገር ነበርና ተመልካቹ ደጋግሞ ይመለስ ዘንድ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አልቀረም።

ይሁን እንጂ ዘራቸውና ወገናቸው የተለያየ ነበር። የአልሜሉ ቤተ ሰብ ለሌላ ሰው ሊድራት ቈረጠ። ራማቻሪ ይህን በሰማ ጊዜ እንደ ልማዱ ሊጣላና በግድ ሊወስዳት ተነሣ፤ ቢነሣም ከተማው በሙሉ ሊያቆመው አይችልም ነበር። ያቆመው ቻማያ ነው። መምህሩ ዱላ አላነሣም፤ አልተቈጣም፤ አንተ ልጄ ነህ፣ የእርሷ ቤተ ሰብ ክብር ይፈርሳል፣ የእውነተኛ ፍቅር ምልክቱ መተው ነው እያለ በለሰለሰ ቃል መከረው። ራማቻሪም ታዘዘ። አልሜሉም ከዚያ ከማታውቀው ሰው ጋር ተዳረች።

እዚህ ላይ የሕንድ ተመልካች ሳይነገረው የሚያስታውሰውን አንድ የቈየ ታሪክ ለአንባቢያችን ማስታወስ ይገባል። «ማሃባራታ» በሚባለው የሕንድ ታላቅ የጦርነት መጽሐፍ ውስጥ ኤካላቭያ የሚባል የአዳኞች ወገን ልጅ አለ። ድሮና የሚባለው የቀስት መምህር ወገኑን ንቆ አላስተምርህም ቢለው፣ ልጁ የመምህሩን ምስል ከጭቃ ሠርቶ፣ ከምስሉ ፊት እየሰገደ ብቻውን ተለማመደና ከመሳፍንት ልጆች ሁሉ የሚበልጥ ቀስተኛ ሆነ። መምህሩም ይህን ባየ ጊዜ፣ መምህርህ ከሆንሁ የመምህርነቴን ዋጋ ስጠኝ፣ ዋጋዬም የቀኝ እጅህ አውራ ጣት ነው አለው። ልጁም ሳይጠራጠር ቈርጦ ሰጠው። በዚያ አገር ይህ ታሪክ የደቀ መዝሙር ታዛዥነት ምሳሌ ሆኖ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ኖሯል፤ በቅርቡ ዘመን ግን ብዙ ሰዎች የመምህሩ በደል ምስክር አድርገው ያነቡት ጀምረዋል። ራማቻሪ ለቻማያ የሰጠው ከአውራ ጣት የሚበልጥ ነው። የሚከፋውም ደግሞ የተቈረጠው የራሱ አካል ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በአልሜሉ ላይ ሁለቱ ወንዶች ሲመካከሩ እርሷን የጠየቃት የለም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ራማቻሪ በአንድ ታላቅ ሆቴል ውስጥ ለገንዘብ ገላዋን የምትሸጥ ሴት አገኘ፤ ቀና ብላ ስታየው አልሜሉ ናት። ባሏ ሸጧት ነበር። መምህሩ ክብሩ እንዳይፈርስ የተጨነቀለት ቤት ልጁን የሰጠው ለእንዲህ ያለ ሰው ኖሯል። አራቲ የተባለችው ተዋናይት ይህን ክፍል የተጫወተችው ብዙ ሳታለቅስ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው፤ ፑታና በሌሎቹ ፊልሞቹ ስለ ሴቶች የተማረውን ሁሉ በዚህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አፈሰሰው።

ማርጋሬት የምትባለው ሁለተኛይቱ ሴት ወደ ታሪኩ የገባችው በቀልድ ነው። ጓደኛው ቱካራም ልትስማት አትደፍርም ብሎ ራማቻሪን አስወራረደው፤ እርሷም በጥፊ መታችው። ከጥፊው ጀምሮ ነገሩ ወደ ጠብ፣ ከጠብም ወደ ፍቅር ሄደ። ማርጋሬት ክርስቲያን ናት። በፊልሙ ውስጥ ግን ክርስቲያንነቷ የሚታየው እንደ እምነት ሳይሆን እንደ ቅጥር ነው፤ ከአልሜሉ ጋር በነበረው ጊዜ ቅጥሩ አንድ ዙር ከነበረ፣ አሁን ሰባት ዙር ሆነ ለማለት ያህል። ብራህማን ከክርስቲያን ልጅ ጋር ተያይዞ ጠፋ ተብሎ ከተማው ታወከ፤ መምህሩንም ላኩት፤ ከእርሱ በቀር የሚሰማው ሰው የለምና።

ቻማያ በአምባው ቋጥኞች ጫፍ ላይ አገኛቸው። እንደ ቀድሞው በለሰለሰ ቃል፣ ይህችን ልጅ ተዋት አለው። በዚህ ጊዜ ራማቻሪ አልሜሉን የት እንዳገኛትና ምን ሆና እንዳገኛት ነገረው። ሽማግሌው ሰማ፤ ደነገጠም፤ ነገር ግን ከመንገዱ አልተመለሰም። እርሷን መውሰድ ካሻህ አስቀድመህ እኔን ገፍተህ ጣለኝ አለው። ራማቻሪም በንዴት እጁን ሲያወናጭፍ መምህሩ ከገደሉ ወደቀና ሞተ። ልጁም በዓለም ላይ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደውን ሰው በእጁ እንደ ገደለ ባየ ጊዜ ከማርጋሬት ጋር ከዚያው ገደል ራሳቸውን ጣሉ።

ይህን ፍጻሜ አልወድደውም። እንዲህ ያለው መጨረሻ ለደራሲም ለአዘጋጅም ቀላል ነው፤ ሦስቱ ከሞቱ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይቀርምና። ቻማያ ከገደሉ ባይወድቅና ወደ ቤቱ ቢመለስ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቀን በትምህርት ቤቱ ልጆቹ ፊት ቆሞ ምን ይላቸው ነበር? አልሜሉስ? በሆቴሉ ውስጥ ቀርታለች፤ ከሦስቱ ፍቅረኞች በሕይወት የተረፈችው እርሷ ብቻ ናት፤ ካሜራው ግን ወደ እርሷ አልተመለሰም።

ሆኖም ፊልሙ ከብዙ የፍቅር ፊልሞች የሚለይበትን ነገር መካድ አይቻልም። በሌሎቹ ዘንድ ፍቅረኞችን የሚለያያቸው ክፉ አባት፣ ወይም ባለጠጋ ባላንጣ፣ ወይም ዱርዬ ነው፤ ተመልካቹም እርሱን ጠልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ግን ዱርዬው ጃሊላ በመጀመሪያው ክፍል ተመትቶ ያልፋል፤ የሚያጠፋው ደጉ ሰው ነው፤ የሚያጠፋውም በደግነቱ ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ ራማቻሪ ያሸንፈው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሕግ ጥቂት መናገር ይገባል። ራማቻሪ አልሜሉን ወይም ማርጋሬትን እንዳያገባ የሚከለክል የመንግሥት ሕግ አልነበረም። የሕንድ ምክር ቤት በ1954 ዓ.ም. ባወጣው ልዩ የጋብቻ ሕግ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ በመንግሥት ሹም ፊት መጋባት ይችላሉ፤ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግም ወገን ለየ ብሎ ጋብቻን አያፈርስም። ይሁንና ልዩ ሕጉ ተጋቢዎቹ ሠላሳ ቀን አስቀድመው ለሹሙ እንዲያስታውቁ፣ ማስታወቂያውም በመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በሚያየው ስፍራ እንዲለጠፍ ያዛል። ሠላሳ ቀን ደግሞ ለወንድም ዱላ ለማንሣት፣ ለእናትም ከልጇ እግር ላይ ወድቃ ለማልቀስ፣ ለመምህርም ለመምከር በቂ ጊዜ ነው።

የካንነዳ ምድር ይህን ጥያቄ ከሕጉ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀድማ አንሥታው ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት በካልያና ከተማ ቢጃላ የሚባል ንጉሥ ሲገዛ፣ ባሳቫና የሚባለው ሹሙ የዘርና የወገን ልዩነትን የሚንቁ የሺቫ አምላኪዎችን በዙሪያው ሰብስቦ ነበር። እነዚህ ሰዎች ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አጣቢው፣ ጫማ ሰፊው በአንድነት ተቀምጠው ስለ አምላካቸው በቀላል ቋንቋ የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ድረስ የካንነዳ ሥነ ጽሑፍ ጌጥ ሆኖ ይነበባል። በማኅበራቸው ውስጥ ማዱቫራሳ የሚባል ብራህማንና ሃራላያ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበሩ። የብራህማኑ ልጅ ለጫማ ሰፊው ልጅ ተዳረች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትውፊቱ እንዲህ ሲል ይተርካል፤ ባለ ሥልጣኖቹ ዓለም ተገለበጠ ብለው ጮኹ፤ ንጉሡም ሁለቱን አባቶች በሞት ቀጣ፤ ከተማዪቱ በሁከት ተሞላች፤ ቢጃላም በ1167 ዓ.ም. ተገደለ፤ የባሳቫና ወገኖችም በየአገሩ ተበተኑ። ጂሪሽ ካርናድ የተባለው የቴያትር ደራሲ በ1990 ዓ.ም. ይህንኑ ታሪክ በተውኔት አዘጋጅቶ አቀረበው።

ስለዚህ ያ ሕዝብ ሁለት ትዝታ አለው ማለት ይቻላል። አንዱ ጠላት እንዳይገባ ቀዳዳውን የዘጋችው የኦባቫ ትዝታ ነው፤ ሁለተኛው በቅጥሩ ውስጥ ቀዳዳ የከፈቱት የካልያና ሰዎች ትዝታ ነው። ፑታና በፊልሙ የመጀመሪያውን በዘፈን አከበረው፤ ሁለተኛውን በስሙ ሳይጠራ ከራማቻሪ ሕይወት ጋር ሸምኖ አሳየው። የኦባቫ ዘነዘና በዚያ ቦታ የተመሰገነው ከውጭ የሚመጣውን ስለ መታ ነው። ቻማያም በቀዳዳው አጠገብ እንደ ቆመ ዘብ ነው፤ የሚመታው ግን ከውስጥ ሊወጣ የሚፈልገውን ልጅ ነው። ፑታና ይህን አስቦበት ይሁን ሳያስበው ሆኖለት ይሁን፣ ዘፈኑና ታሪኩ በአንድ አምባ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ይታያሉ።

ደራሲው ሱባ ራኦ በፊልሙ ደስ አለመሰኘቱ በሰፊው ይነገራል። መርዘኛውን ናጋራሃቩ መርዝ የሌለው ተራ እባብ አደረጉብኝ አለ ይባላል። ሦስት መጻሕፍት በአንድ ፊልም ሲጨመቁ ብዙ ነገር እንደሚፈስስ የታወቀ ነውና ቅሬታው ያለ ምክንያት አልነበረም። እርሱ ግን ከአምባው አልተለየም፤ ስለ ማዳካሪ ናያካና ስለ ምሽጉ መውደቅ የጻፈውን «ዱርጋስታማና» የተባለ ታላቅ መጽሐፍ በ1982 ዓ.ም. አወጣ፤ በ1984 ዓ.ም. ሞተ፤ የሕንድ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚም በማግሥቱ ዓመት ለዚህ መጽሐፍ ሽልማት ሰጠው። ፑታናም የሞተው በዚያው በ1985 ዓ.ም. ነው። የካርናታካ መንግሥት ለፊልም አዘጋጆች የሚሰጠው የክብር ሽልማት በስሙ ይጠራል።

ፊልሙ በብዙ ቦታ ተቀዳ። በ1974 ዓ.ም. በቴሉጉ፣ በታሚልና በሂንዲ ተሠራ፤ የሂንዲውን ያዘጋጀው ፑታና ራሱ ሲሆን ሪሺ ካፑር የራማቻሪን ክፍል ተጫወተ፤ ነገር ግን እንደ ፊተኛው አልሆነለትም። የቺትራዱርጋ ድንጋይ በሌላ ቋንቋ አይናገርም ለማለት ይዳዳኛል፤ ይህ ግን የግል ግምቴ ነው።

ራማቻሪን የተጫወተው ቪሽኑቫርዳን ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ በዚህ ፊልም ታላቅ ተዋናይ ሆኖ ወጣና በ2009 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከፍ ባለ ስም ኖረ። ዱርዬውን ጃሊላን የተጫወተው አምባሪሽ በአጭር ክፍል ብቻ ታይቶ ነበር፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ ስመ ጥር ተዋናይ፣ ቀጥሎም የሕንድ ምክር ቤት አባልና ሚኒስትር ሆነ፤ ሁለቱ በፊልሙ ውስጥ ቢደባደቡም በውጭ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የተፋቀሩ ወዳጆች ነበሩ። የፊልሙ ባለ ገንዘብ ቪራስዋሚ ልጅ የሆነው ራቪቻንድራን በ1991 ዓ.ም. «ራማቻሪ» በሚባል ሌላ ፊልም ታየ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ በአንድ ሌላ ፊልም ተጠራ። የመጀመሪያው ፊልም በ2018 ዓ.ም. በጁላይ ወር ድምፁና ሥዕሉ ታድሶ በሲኒማ ቤቶች እንደገና ታየ፤ ከአራት ወራት በኋላም አምባሪሽ ሞተ።

መምህሩን ቻማያን የተጫወተው አሽዋት የሚባል የማይሶር ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ በብዙ ፊልሞች የአባትንና የሽማግሌን ክፍል ተጫውቷል። በ2010 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ግን ሰው የሚያውቀው «ቻማያ መሽትሩ» በሚለው ስም ነበር፤ የሚጠሩትም በፍቅርና በአክብሮት እንጂ በነቀፋ አልነበረም።